መምህር ይድነቃቸው የጠበቀው ፍርድ

መምህር ይድነቃቸው ከጎረቤቱ ከከማሉ ጋር ከተኮራረፈ ሦስት ወሩ ነው። ምክንያቱ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነበር። ዛፉ የበቀለው በከማሉ ግቢ ቢሆንም ጥላው አጥር ተሻግሮ የሚያርፈው ይድነቃቸው በር ላይ ነበር። ይድነቃቸው ከጎጃም ወደ ቡታጅራ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የሰንበት ትምህርቱን የሚያዘጋጀው እዚያ ጥላ ሥር ነው። ከማሉ ግን ለበርበሬ ማስጫ ፀሐይ አነሰኝ ብሎ አንድ ማለዳ ገንድሶ ጣለው። ሳያማክረው! ይድነቃቸው ተንገበገበ። «ፈራጁ ፈጣሪ ነው» አለ። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ልቡ ለፈራጁ ቀን ቆርጦለት ነበር።

ቀኑም የደረሰ መሰለው። በኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከማሉና ባለቤቱ ሰፍያ ለዘመድ ሰርግ ወልቂጤ ሄደዋል። የዓመት ልፋታቸው ግቢው ሙሉ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። የተሰጣ በርበሬ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ገዢም አይገኝም። እናም ያለ ወቅቱ ከዘቢዳር ተራራ በኩል ጥቁር ደመና መጣ።

ይድነቃቸው ወንበር አውጥቶ ከአጥሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንዳይታወቅበት መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ ዘረጋ። የነገው ትምህርት ስለ ዮናስ ነበር። ይህን ነቢይ በየዓመቱ ያስተምረዋል፤ በየዓመቱም ይስቅበታል። አምላክ ነነዌን ማረ ብሎ የሚያኮርፍ! የከተማዋን መጨረሻ ለማየት ከውጭ ዳስ ጥሎ የሚቀመጥ! ጥላ የሆነችው ቅል ስትደርቅ ደግሞ ሞቴን ስጠኝ የሚል!

እዚህ ሲደርስ ቀና አለ። የተቀመጠበትን ወንበር አየ። ከአጥሩ ማዶ የዛፉን ጉቶ አየ። ፊቱ በእፍረት ጋለ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለ ጮክ ብሎ። «አንተ ነህ» ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ደመናው ቀረበ።

«አዛለች! ማዳበሪያ አምጪ!»

ሚስቱ «ምን ነካህ?» እያለች ስትወጣ እሱ አጥሩን ዘልሏል። ሁለቱም እያስነጠሱ፣ እንባቸው እየወረደ፣ በርበሬውን በየማዳበሪያው ሞልተው ሳሎናቸው ውስጥ አጨቁት። የመጨረሻውን ሲያስገቡ ደመናው ወደ ቡኢ አለፈ። አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም። አዛለች ጥርት ያለውን ሰማይ አይታ በሳቅ ፈረሰች።

ከማሉ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ባዶውን ሸራ አይቶ ክው አለ።

«መምህር፣ በርበሬዬስ?»

«እኔ ቤት ነው። ዝናብ መጣ ብዬ ነው።»

ከማሉ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ይድነቃቸው ነገሩን መሸፋፈን አልቻለም።

«እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የተቀመጥኩት ሲበሰብስብህ ለማየት ነበር። ይቅር በለኝ።»

ከማሉ አንገቱን ደፋ።

«ወላሂ መምህር፣ እኔም ዛፉን ከቆረጥኩ ወዲህ ዓይንህን ማየት አፍሬ ነበር። ዝውውር ደርሶህ አገርህ እንድትገባልኝ ስንት ጊዜ ዱዓ አድርጌያለሁ!»

ይድነቃቸው ሳቁ አመለጠው። ከሦስት ወር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ሁለታችንንም እምቢ ብሎናል በለኛ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከማሉ፤ እጁንም ዘረጋለት።