ዶክተሩ ያያት ግመል

ዶክተር ሸዋንግዛው ከሰመራ ገዋኔ ድረስ የመጣው፣ የሰው ምናብ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ሥዕል ነው ወይስ ቃል የሚለውን፣ ፈላስፎች ለዘመናት የተነታረኩበትን ጉዳይ፣ በሦስት ቀን ሊቋጨው ነው። ከውጭ ያስመጣው መጠይቅ «ፖም በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት» ይላል። እሱ ፖሙን ሰርዞ ግመል አደረገና ባህል አዋቂ ነኝ ብሎ ደረቱን ነፋ።

«አባባ፣ ቀይ ግመል፣ የግራ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ግልገሏን አስከትላ አስፋልቱን ስትሻገር በዓይነ ኅሊናዎ ይዩ። ምን ያህል ጥርት ብላ ታየችዎት?»

አስተርጓሚው እኔ አብዱልበሲጥ ነኝ። ፀሐዩ አናቴን በስቶት ስለነበር ያን ሁሉ ዝባዝንኬ በአፋርኛ አሳጠርኩት፦ «ይህ ሰው እንዲህ ያለች ግመል አይቻለሁ ይላል። አንተስ?»

ሽማግሌው ኑራ አሰብ አደረገና «አላየሁም» አለ። ሃያ ሰው ጠየቅን፤ ሃያውም አላየሁም አሉ። ዶክተሩ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። «ምናብ አልባ ማኅበረሰብ!» እያለ ለጥናቱ ርዕስ ያማርጥ ጀመር። ስህተቱ የእኔ ትርጉም እንደሆነ ቢገባኝም ዝም አልኩ፤ ተሳሳትኩ የሚል አስተርጓሚ ማን ይቀጥራል?

ዳጉን ዘንግቼ ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። ሃያዎቹም ዶክተሩ አየኋት ያላትን ግመል ለየመንገደኛው አወሩ።

በሦስተኛው ቀን ሁሪያ የምትባል ሴት ከአዳይቱ በከባድ መኪና ተሳፍራ ከች አለች። የግራ ጆሮዋ የተቀደደ ቀይ ግመሏ ከነግልገሏ ከጠፋች ሳምንት ሆኗታል፤ አራት ልጆቿ ያለ ወተት ሰንብተዋል። «የታለች?» አለች ዶክተሩን እያየች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አንገቴን አስደፋኝ።

ጥፋቴን ለዶክተሩ ተናዘዝኩ። ይደነግጣል ስል ዓይኑ በራ። «ምስሉ ከጭንቅላት ወደ ጭንቅላት ተላልፏል ማለት ነው! ጠይቅልኝ፣ አሁን ግመሏ ምን ያህል ጥርት ብላ ትታያታለች?»

ግመሊቱን ማንም እንዳላያት፣ ውሸቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ እያፈርኩ ጥያቄውን አስከተልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተረጎምኩ።



«ግቷ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ይታየኛል» አለች ሁሪያ። «ልጆቼን ግን ምን ላጠጣ?»

ሁለቱንም ተረጎምኩ።

«ለሁለተኛው» አለ ዶክተሩ እየጻፈ፣ «መጠይቁ ላይ ቦታ የለም።»