ሲንኳኳ የሚጮህ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ማክሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ውሻው ተኛ። ረቡዕም ተኛ። ሐሙስ ከበረንዳው ወደ ምንጣፉ ተዛውሮ እዚያው ተኛ። በእነዚሁ ሦስት ቀናት ቁልፍ ሠሪው አሥራ አንድ የሚከራዩ ቤቶችን አይቶ፣ ከአሥራ አንዱም በዚሁ በተኛው ፍጡር ምክንያት ተመልሷል።

ያሉበትን ቤት በወሩ መጨረሻ መልቀቅ ነበረባቸው። የቤቱ ባለቤት ልጃቸውን ሊድሩበት ነው። ቁልፍ ሠሪው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የትም ተጠጋግቶ ያድራል፤ ነገር ግን ያሳደጉት አክስቱ አብረውት አሉ፣ እሳቸውን እቴቴ ነው የሚላቸው። ከእቴቴ ጋር ደግሞ ውሻው አለ። ስሙን ዳኛ ያሉት እቴቴ ናቸው፤ የመጣውን ሁሉ እኩል አይቶ ምንም ስለማይናገር። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅም። አንዴ አስነጥሶት በራሱ ድምፅ ደንግጦ አልጋ ሥር ገብቷል፣ ያ ነው።

እቴቴ ነገሩን የቆረጡት ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር። ዳኛ የማይገባበት ቤት እሳቸውም አይገቡም። «አንተ ሂድ፣ ወጣት ነህ» አሉት፤ ወጣቱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ለእሳቸውና ለውሻው አንድ የሩቅ ዘመድ የቀለም ቆርቆሮ የሚያስቀምጥበት መጋዘን አለው፣ ግድግዳው ክረምት ከበጋ ያለቅሳል፣ እዚያ ይገባሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረም፤ ቁልፍ ሠሪውን አንጀቱን ቅጥል ያደረገውም እሱ ነው። ሌሊት ሲያስለው ደረቱን እያሹ ያሳደጉትን ሴት በቀለም ቆርቆሮ መካከል አስተኝቶ በምን ዓይኑ ሰው ያያል?

ስለዚህ እግሩ እስኪነቃ ዞረ። የመጀመሪያዋ አከራይ ወጥ ቤቱን አሳዩት፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አሳዩት፣ ግፊቱን እንዲያይ ብለው ቧንቧውን ከፈቱለት። ውሻ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቧንቧውን መልሰው ዘጉት። ሌላው አከራይ በበኩሉ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ ነገሩ ጎረቤቱ እንደሆነ ነገረው። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ሆኖ ይሰማ ነበርና እሱም ምንም ችግር እንደሌለበት፣ ነገሩ አከራዩ እንደሆነ ተናገረ። ቁልፍ ሠሪው በሁለት ችግር የሌለባቸው ሰዎች መካከል ቆሞ ቤት አጣ። አንዲት ሴትዮ የውሻውን ፎቶ እንይ አለችና አይታው፣ ይሄ ውሻ ያዘነ ይመስላል፣ ሐዘን ደግሞ ከገባ አይወጣም ብላ መለሰችለት።

አሥራ ሁለተኛው ግን እሺ አለ። ውሻ ይወዳል። ዕድሜውን ጠየቀ፣ ምን እንደሚበላ ጠየቀ፣ የሚተኛበትን ጥግ ሳይቀር አሳየ። ከዚያ «ሌላ ማን አለ?» አለ። «አክስቴ፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው» አለው። ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። ሽማግሌ ማስቸገሩ አይቀርም፣ ደግሞ ደረጃው አለ፣ ደግሞ ያስላቸዋል። «ውሻውን ግን አምጣው» አለ። ቁልፍ ሠሪው ይህን ለእቴቴ አላወራም።

ቤት የሚያፈላልግለትን ደላላ ሰፈሩ ሁሉ መላ ነው የሚለው፤ ወሬውን ሁሉ «መላ አለው» ብሎ ስለሚጀምር። አሥራ ሁለተኛው በር ከተዘጋ በኋላ ግን መላ ራሱ ተማረረ።

«ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የምትነግራቸው?»

«ውሻ አለን ብዬ።»

«ውሻ አለን» አለ መላ፣ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው። «ወንድሜ፣ የሚወደድ ውሻ ማንም ግቢው እንዲገባ አይፈልግም። የሚሠራ ውሻ ግን ማን ይጠላል? ዘበኛ ነው በል።»

«አይጮህም እኮ።»

«ይጮሃል ወይ ብሎ የጠየቀህ አለ?»

ጠያቂው በማግስቱ ተገኘ። አዲሱ አከራይ ጡረታ የወጡ የፈተና ተቆጣጣሪ ናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ለእቴቴ ጉልበት የሚስማማ ምድር ቤት፣ ከፊቱ ለወንበር የሚሆን ቦታ ያለው ነበር። በሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ዕቃ ወጥቷል። ቁልፍ ሠሪው ይህን ሲሰማ ቁልፉን እኔ እለውጠዋለሁ ጋሼ፣ ሥራዬ ነው አለ። እሳቸው ግን ቁልፍ ዝም ይላል፣ እኔ የምፈልገው የሚናገር ነው አሉ። ውሻ የሚባል ነገር እንደማይወዱ፣ አጠገባቸው እንዲደርስ እንደማይፈልጉ፣ ሊያዩትም እንደማይሹ፣ ድምፁ እንደሚበቃቸው አስረዱ። ከዚያ ውሉ ላይ በገዛ እጃቸው አንቀጽ ሰባትን ጻፉ፦ ተከራይ የሚያመጣው ውሻ በር ሲንኳኳ ይጮሃል፤ ባይጮህ ተከራይ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ይለቃል።

«ሳልናገር ነው የምመጣው» አሉ ብዕራቸውን እየከደኑ። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ፈረመ። ከወሩ የቀረው አራት ቀን ነበር።

እቴቴ ዕቃ ሲያስሩ ነገሩን ሰሙና ገመዱን ለቀቁት። «እና ዋሽተህ ነው ቤት የምታስገባን» አሉ። እሱ «ዋሸ የሚባለው ገና ከተንኳኳ በኋላ ነው» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። እቴቴ አልሰሙትም። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለሁለት ክፍል ብዬ አፌን አላቆሽሽም። መጥተው ከጠየቁኝ፣ አይጮህም ነው የምላቸው፤ ቁርጥህን እወቅ።»

ገቡ። ቁልፍ ሠሪው ሳምንቱን ሙሉ ውሻውን ሥራ ሊያስተምረው ታገለ። ጠረጴዛውን ሲያንኳኳ ዳኛ መጥቶ እጁን ሰጠው። ድመት አሳየው፤ ዳኛ ለድመቷ መንገድ ለቀቀላት። እንዲህ ነው የሚባለው ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጮኾ አሳየው፤ ዳኛ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማውና ተኛ።

እሑድ ከረፋዱ ላይ የግቢው በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ እኩል እኩል፣ የተቆጣጣሪ ማንኳኳት። ዳኛ ተነሣ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ቆመ። ቁልፍ ሠሪው ከኋላው በካልሲ ቆሞ የቀለም ቆርቆሮዎቹ በዓይኑ መጡበት። ከዚያ የሆነውን እሱም በደንብ አያስታውሰውም። ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛውን ከጥርስ ማንቀጫቀጭ ጋር።

«በቃ በቃ፣ አትክፈት» አሉ አከራዩ ከውጭ፣ ደስ ብሏቸው፤ ኮቴያቸውም ራቀ።

ዳኛ ዞር ብሎ አየው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገረመ መሰለ። እቴቴ ደግሞ የወጥ ቤቱን ደፍ ይዘው ቆመው ነበር።

«ይሄን ለማየት ነው ያሳደግኩህ?»

«እቴቴ፣ እኔ አልዋሸሁም። አንድ ቃል ወጥቶኛል?»

ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፉት። ሻይ ይቀዱለታል፣ ግን ብርጭቆውን የሚያስቀምጡለት ውሻው አጠገብ ነው።

ከሁሉ የከፋው የሥራ ቀን ነው። እሱ ሱቅ ይውላል፣ አከራዩ ደግሞ ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። ሰኞ አንድ ደንበኛ ያመጣውን ቁልፍ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ሐሳቡ በር ላይ ሆኖ፣ ሞርዶ ሞርዶ ጥርሱን ጨረሰው። ማክሰኞ የጥድ ሣጥን ቁልፍ ለሚፈልግ ሰው የመኪና ቁልፍ ሰጠ። ሐሙስ አከራዩ ራሳቸው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አለቀ፣ አለ በልቡ፤ አሥራ አምስቱን ቀን ከዛሬ ይቆጥሩት ይሆን ከነገ?

«ትናንት መጥቼ ነበር» አሉ። «አንተ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም ጋሼ።»

«የእሑዱ ምንም አይደል ለካ። የትናንቱ ነው ጩኸት። ደረቅ ነው፣ ቁጣ አለው። ዘሩ ምንድን ነው?»

ቁልፍ ሠሪው ድብልቅ ነው አለ። ማታ አጥንት በወረቀት ጠቅልሎ ገባና ዳኛን አንገቱን አቅፎ ሳመው። እቴቴ ካሮት ይፍቁ ነበር፤ ቀና አላሉም። «ውሻ ጮኸ ተብሎ ድግስ» አሉ በሻከረ ድምፅ። ጉሮሯቸውን ይዟቸው ነበርና ማር በሙቅ ውሃ ይጠጡ ነበር። ብርድ ነው አሉት። እሱም በነጋታው የተሻለ መጋረጃ ገዛ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። አከራዩ በየመንገዱ ያገኙትን ሁሉ እያቆሙ ስለ አንቀጽ ሰባት አወሩ። መላ ሁለት ሌላ ውሻ ያላቸው ሰዎች በዚሁ መንገድ አስገባ። ቁልፍ ሠሪው ዳኛን ባየው ቁጥር፣ ፍጡር ሲቸግረው ሁሉን ይማራል እያለ ይመሰጥ ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ሞረዱን ቤት ረስቶ ተመለሰ። ከመንገዱ ጥግ ላይ ሆኖ አያቸው። አከራዩ ከግቢው በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸው ታጥፎ ጭናቸው ላይ፣ የዳኛ ራስ ኮቱ ላይ። ከጆሮው ጭጎጎት እየለቀሙ ስለ ጉልበታቸው ሕመም በዝርዝር ይነግሩታል። ዳኛ ይሰማል። የብስኩት ፍርፋሪ አፍንጫው ላይ አለ።

አከራዩ ጥላ ሲያርፍባቸው እንደ ወጣት ብድግ አሉ።

«ይሄ የማን እንደሆነ አላውቅም» አሉ ሱሪያቸውን እያራገፉ። «በመጣሁ ቁጥር እዚህ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የማገኘው። ባለቤት የለውም መሰለኝ። ሂድ አንተ።» ሂድ ያሉት ግን ተቀመጥ በሚባልበት ድምፅ ነበር፤ ዳኛም እግራቸው ላይ ተቀመጠ።

ቁልፍ ሠሪው ዳኛን ሊጠራ የዘረጋውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ቆይ፣ ያንተን አውሬ ሲሰማ ይሸሻል» አሉ አከራዩ ፊታቸውን አጥብቀው፣ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

ከውስጥ ወዲያው ተመለሰላቸው። ደረቅ፣ ቁጣ ያለው፣ ተማሪ አላጠና ብሏት የመረራት አስተማሪ የሚመስል ጩኸት። አከራዩ ጣታቸውን ቀስረው ሰማህ ሊሉ ዞሩ።

ዳኛ ጆሮውን አቀና። ድምፁን አወቀው። ጅራቱን እየወዘወዘ ተነሥቶ፣ በግቢው በር ላይ ገርበብ ብላ ወደነበረችው ትንሿ በር ሄደና በአፍንጫው ገፋ አደረጋት። በሯ እስከ ግድግዳው ተከፈተች።

እቴቴ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ሁለት እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። መጀመሪያ ውሻውን አዩ፣ ከዚያ አከራዩን፣ ከዚያ ያሳደጉትን ልጅ። የጀመሩትንም ጩኸት መሃል ላይ መተው ስላልሆነላቸው ጨረሱት።