የአልዩ አምባ እንቁራሪቶች

«ሃያ ያህል እንቁራሪት ያዥልኝ፤ ግን በሕይወት ያሉ ይሁኑ» አለ መምህር ገብረአብ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ እያቀበላት።

ኡሙሀኒ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ደንገል እያጨደች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአልዩ አምባ በታች ካለው ረግረግ ደንገል አጭዳ፣ ምንጣፍ እየሠራች ነው።

«ምነው በሕይወት? እስከ ዛሬ ስፒርቶ ውስጥ ነክረው አልነበር የሚልኳቸው?»

«ሐሙስ ያ እንቁራሪት የሚያጠናው፣ የምልክለት ፈረንጅ ራሱ ደብረ ብርሃን ይመጣል። በረሳ ወንዝ ዳር እንለቃቸዋለን።»

«እዚያ ውርጭ ላይ? በሁለት ቀን ያልቃሉ እኮ!»

«ሁለት ቀን ይበቃናል።»

ኡሙሀኒ ቀና አለች። ሁለት ክረምት ሙሉ ለእሱ ስትል ስንቱን ችላለች! ቡናማዋና አረንጓዴዋ እንቁራሪት ሁለት ዘር ናቸው ያለው እሱ ነበር። እሷ ግን ቡናማዎቹን ጓሮዋ በተቀበረ ጋን ውስጥ አሳድጋ፣ ጎልምሰው አረንጓዴ ሲሆኑ በዓይኗ አየች። አንድ ዘር ናቸው። አገሩ «እንቁራሪት አሳዳጊ» እያለ ሳቀባት፤ አማቷም ቤቷ መግባት ተወች። የነገረችው ቀን ግን መምህሩ በደስታ ዘሎ፣ «እህቴ፣ ያንቺ ስምና አልዩ አምባ ፈረንጁ መጽሐፍ ላይ ይጻፋሉ» ብሏት ነበር። የሳቀውን ሁሉ «ቆይ ብቻ!» ስትል የከረመችው ይህንን ይዛ ነው።

«መምህር፣ ለፈረንጁ ምን ብለው ነው የጻፉለት?»

ልጓሙን ነካካ። «እንቁራሪቷ በረሳ ዳር ተገኘች ብዬ። ደብረ ብርሃን ላለው ትምህርት ቤታችን ክብር ነው።»

«አንድ ዘር መሆናቸውንስ ማን ደረሰበት አሉ?»

«ያው... እኔ ነኝ አልኩ። ቀለም ያልቆጠረች ሴት ደረሰችበት ብል ማን ያምነኛል?»

ወይ ጉድ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሌላ ሰው ቢያደርገው ባልከፋት። ይህ ግን የባሏ ወዳጅ ነው፤ ቀብሩ ላይ ከእሷ እኩል ያለቀሰ ሰው።

«ወላሂ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ኧረ አታካብጂው! ለእንቁራሪት ይህን ያህል?»

«ሰው የሳቀብኝ በእንቁራሪት ነው።»

መምህሩ ከበቅሎው ወረደ። «ባዶ እጄን ብመለስ ውሸታም እባላለሁ። ከሥራዬም እባረራለሁ፣ እህቴ።»

ኡሙሀኒ ጎንበስ ብላ ከደንገሉ አገዳ ላይ እንቁራሪቶቹን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር፤ አረንጓዴውንም፣ ቡናማውንም፣ ቀለሙ ገና በመለወጥ ላይ ያለውንም። ጠርሙሱ ሲሞላ አፉን በቁራጭ ጨርቅ አሰረችው።

«ተባረኪ!» አለና እጁን ዘረጋ።

እሷ ግን ጠርሙሱን አቀፈችው። «ሐሙስ እኔው ይዣቸው እመጣለሁ።»

«አንቺ? መጥተሽ ምን ልታደርጊ?»

ኡሙሀኒ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ተወችው። «ፈረንጁ እጅ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ከየት እንዳመጣኋቸው እነግረዋለሁ፤ አንተ ታስተረጉምልኛለህ።»