በምሳ ሰዓት የተቀባ ብርሃን

«በሽተኞቼ ከግድግዳው ሥዕል ሥር ተቀምጠው ያችን ፀሐይ ተሸካሚ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል» አሉ የሆስፒታሉ ሐኪም፣ ከለቀስተኛው መሃል። «ያ ብርሃን ይለያል። ነፍሱን ይማር፤ እንደሱ ያለ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም።»

የሟቹ ሠዓሊ ሚስት አንገቷን ደፋች። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ባሏ በዚያ ብርሃን በተመሰገነ ቁጥር የሰው ዓይን ትሸሻለች። ብርሃኑን የቀባችው እሷ ናትና።

ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ ሦስት ፎቅ በሚያህለው የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የጥንት ተረት ይሥል ነበር፤ ንጋትን የዋጠ ዘንዶ፣ ሆዱን ሰንጥቃ ፀሐይን በትከሻዋ ተሸክማ የምትወጣ ሴት። ዘንዶውን አሳምሮ ጨረሰው። ፀሐይዋ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ከዳው፤ ቢጫ መስሎት አረንጓዴ ይለቀልቅ ጀመር። ሚስቱ ምሳ ልታደርስለት ሄዳ አየች፤ ትንፍሽ አላለችም። ከተጋቡ ጀምሮ ቀለም የምትበጠብጥለት እሷ ነበረችና እጇ አይታማም። በልቶ ጋደም ሲል መወጣጫው ላይ ወጥታ የተበላሸውን አቀናችለት። ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። አታለልኩት የሚለው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ያኔ የሆስፒታሉን ግድግዳ የለሰነው ግንበኛ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው ገለል ሲል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ያኔ አይተኸኛል፤ አይደል?»

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«ለሰው ተናግረሃል?»

«ኧረ ለማን? እሱ ራሱ ዝም በል ብሎኝ።»

«እሱ ማን?»

«ባልዎ ነዋ። የተኛ መስሎዎት ነው? እርስዎ እንዳይደነግጡ ብሎ በውሸት ሲያንኮራፋ ጉሮሮው እስኪደርቅ ድረስ! ‹ፀሐይዋን እሷ ትውለድልኝ፤ ለእኔ ዘንዶው ይበቃኛል› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎስ ነገሩት?»

ሳቋ አመለጣት። አፏን በሻርፕዋ ብትይዘውም ዘመድ ሁሉ ዞሮ አያት። ስድስት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ብድግ ብሎ ሲሄድ ታወቃት፤ ዕንባዋም አብሮ ወረደ።

እህቷ ነገሩ ባይገባትም ጊዜ ሳታጠፋ ዳቦ አቀረበችላት። ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ለሁለት ገመሰችው፤ ትልቁን ግማሽ እንደ ልማዷ በቀኟ በኩል፣ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አኖረችው። ትንሽ አየችው። ከዚያ አነሳችና ቆርሳ ግንበኛውን አጎረሰችው።