ቫርኒሽ የለበሰ መዳብ

ዋና ነርሷ የአልጋውን የመዳብ ዘንግ በጥፍሯ ፋቀችው። ስስ ልጣጭ ተነሥቶ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቫርኒሽ ነዋ እትዬ!" አላት ታናሽ ወንድሟ፣ የሆስፒታሉ ቀለም ቀቢ። "ትናንት ልጆቹ ለጽዳት ወጥተው ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሁሉንም ለቀለቅኳቸው። ጠቁረው ያስጠሉ ነበር፤ አሁን ፊትሽን ታዪበታለሽ።"

"ፊቴን ማየት ምን ያደርግልኛል! ማን ቅባ አለህ?"

"ሥራ አስኪያጁ። እንግዶች ስለሚመጡ ይብለጭለጩ አለኝ። ምን አጠፋሁ?"

ባለፈው ክረምት በዚህ የሕፃናት ክፍል ተህዋሲያን በእጅ ከአልጋ አልጋ እየተሻገሩ አንዲት ልጅ ገድለዋል። የአልጋዎቹ የፕላስቲክ ዘንግ ተነቅሎ መዳብ የገባው ነርሷ ቢሮ ለቢሮ ተንከራታ፣ "ነዝናዛ" ተብላ ነው። እርቃኑን ያለ መዳብ ያረፈበትን ተህዋሲ ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል፤ መጥቆሩ ምንም አይጎዳውም። ቫርኒሽ ከለበሰ ግን ከጣውላ አይሻልም። ስብሰባ ላይ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ይህንኑ ተናግራለች። ማን ሰማ? እነሱ የገባቸው ጥቁር ነገር ቆሻሻ መሆኑ ብቻ ነው!

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ ገባ።

"ሲስተር፣ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ምን ይሠራሉ? እንግዶቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ቶሎ አልጋ ላይ ይውጡ።"

"አይወጡም። መዳቡን በቫርኒሽ አሽገውታል። ክኒን ከነላስቲኩ ማዋጥ ማለት እኮ ነው!"

"እንግዶቹ ሲሄዱ ይፋቃላ። የአንድ ቀን ነገር ምን ያመጣል?"

"ያቺንም ልጅ 'ምን ያመጣል' እያልን ነው የቀበርናት።"

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዶቹ ፊት እንዲህ ካልሽ፣ 'ቀለም ቀቢው ነው ያበላሸው' እላለሁ። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል አሉ። ሥራ ፈቶ ምን ሊያበላት ነው? ስመለስ ልጆቹን አልጋ ላይ ላግኛቸው።" ወጥቶ ሄደ።

ቀለም ቀቢው የእህቱን ክንድ ያዘ። "እትዬ፣ ዛሬን ብቻ እለፊው። በእናታችን ይዤሻለሁ።"

ነርሷ ወደ በሩ ዞረች። ከበሩ ውጭ አንድ ሕፃን ያስላል፤ እናቱ ታባብላለች።

"ሚስትህ የምትወልደው የት ነው?" አለችው።

"እዚሁ ነው እንጂ።"

"ልጅህ ቢታመም የሚተኛውስ?"

ቀለም ቀቢው ዘንጉን አየው። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴና የሥራ አስኪያጁ ሳቅ እየቀረበ ነበር።

"ቫርኒሹን ልፋቅበት፣ የብርጭቆ ወረቀትህን ስጠኝና በጓሮ በር ውጣ። ብቻዬን ነበርኩ እላለሁ።"

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ለአፍታ አመነታና ለሁለት ቀዶ ግማሹን ሰጣት።

"የምታስፈጂኝ አንቺ ነሽ" አላት።

"ወሬህን ትተህ መስኮቱን ክፈት፤ ብናኙ ይውጣ።"

የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ። ነርሷ ቀድማ ደርሳ ቁልፉን አዞረችው።

"ሲስተር!"

"ገና ነው!" አለች ጮክ ብላ። "ልጆቹን የሚነካ ሁሉ እስከዚያ እጁን ይታጠብ!"