በቅበላ ቀን የቀለጠው የወንዝ በረዶ

ሃሴት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከተራራው ማዶ ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ብቻ፣ አፍንጫዋ ደም የመሰለ ነበር። ጡብ የሚያክል በረዶ በላስቲክ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«አሜሪካ ድረስ መጥተሽ በረዶ ለቀማ?» አለቻት እናቷ ባየሽ። «እዚሁ ሲታክ ከተማችን፣ ነዳጅ ማደያው በር ላይ በከረጢት ይሸጥ የለም እንዴ!»

«ይሄ ይለያል እማ። ወንዙን ዘግቶ ጎርፍ የሚያመጣው ክምር ነው። ምን ያህሉ አየር እንደሆነ፣ ስንት ክብደት ችሎ እንደሚሰበር እለካለሁ። ሰኞ ላቦራቶሪው እስኪከፈት ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። ፕሊስ፣ እንዳትነኪው።»

ባየሽ «እሺ» ያለችው ከልቧ ነበር።

እሑድ ግን የዐቢይ ጾም ቅበላ ነው። ሃሴት ላይብረሪ ሄዳለች። ባየሽ የተረፈውን ሥጋ ከፍሪዘሩ ስታወጣ፣ ደሙ ከውርጩ ጋር ግድግዳው ላይ ተጋግሮ አየች። ጾም በዚህ ይያዛል? ሶኬቱን ነቀለች። የልጇን በረዶ ላንድ አፍታ ብላ ድስት ውስጥ ከተተችና ወጡ ከሚንተከተክበት ጎን አስቀመጠችው። ፍሪዘሩን ፈትጋ፣ አጥባ፣ አድርቃ ዞር ስትል፣ ድስቱ ውስጥ ላስቲክና ውሃ ብቻ ቀርቷል።

ክው አለች። ወዲያው ግን ዘዴ መጣላት፤ ውሃ መልሶ ይረጋ የለ? ጡብ የሚመስል የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጋ ገለበጠችበት። ከአፉ የተረፈውን ሲንኩ ውስጥ ደፍታ፣ ዕቃውን ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተችና ሶኬቱን መልሳ ሰካች።

ሰኞ ጠዋት ሃሴት በረዶውን ወደ መስኮቱ አነሣችው። ያመጣችው ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነበር። ይሄኛው እንደ መስታወት ጠርቷል።

«እማ፣ ቀልጦ ነበር?»

ባየሽ ልትክድ አፏን ከፈተች። በጾሙ መግቢያ መዋሸት ፈራች።

«እንደነበረው የሚመለስ መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

ሃሴት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «ጥንካሬው ቀረ። ግን ቁመትና ስፋቱን እዛው ለክቼዋለሁ። ውሃውን ከመዘንኩት የአየሩን መጠን አገኛለሁ። ምንም አልደፋሽም አይደል?»

ባየሽ ዐይኗን ሲንኩ ላይ ተከለች። ሃሴትም ተከትላት አየች።

«ሌላ ብታመጪስ? እኔው ራሴ ተሸክሜ…»

«ክምሩን ትናንት ወንዙ ጠርጎ ወስዶታል። ዘንድሮ ሌላ የለም።» ቦርሳዋን አነሣች። «ኢትስ ኦኬ፣ ማም።»

በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ሲከፋት እንደሆነ ባየሽ ታውቃለች። ምነው በተቆጣችኝ አለች በሆዷ።

በሩ ሲዘጋ ፍሪዘሩን ከፈተችው። እንደዚያ ነጽቶ አያውቅም።