ኮርኒስ የሌለው ወርክሾፕ

ሰፈሩ "ሚሊ" ነው የሚለው። ቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ማሽኑ ላይ እየዞረ የሚላጨው ብረት ከልኩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ስሙ የወጣለት ለዚህ ነው። ድሮ ግን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ነበር የሚሠራው። ስለቱ ብረቱን በደንብ ሲበላ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ ሲደነዝ ሌላ፣ ብረቱ ሳይጠብቅ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ሚሊ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ከሰው ጋር እየቀለደ፣ ድንገት "ቆይ፣ ስለቱ ደንዝዟል" ብሎ ሲያጠፋው ያየ ሁሉ ጉድ ይል ነበር።

አሁን ያ ጆሮ የለም።

ባንዴ አይደለም የሄደው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ፣ ከዚያ የስልክ ጥሪ፣ ከዚያ ከኋላው የሚያወራ ሰው። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ጥሎት ወጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የሰው አፍ ማየት ለመደ፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያወራው አብዛኛውን ይይዛል፣ ያመለጠውን በሳቅ ያልፈዋል። ታዲያ አንድ ቀን የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ እየመጣበት፣ ክላክስ እየተነፋለት፣ ሰው ሁሉ እየጮኸበት፣ እሱ እቴ፣ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ብሎን ይፈልጋል። አንዱ በቱታው ጎትቶ አወጣው። "ምን ሐሳብ ነው እንዲህ የወሰደህ?" ብለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ግን ነገሩ ከተደገመ ሐሳብ ነው እንደማይሉት ገብቶታል። የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ የሚያቆም አለቃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሳያባርሩት ቀድሞ ወጣና ለሚስቱ "የራሴን ልከፍት ነው" አላት።

"ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?" አለችው።

"ሰልችቶኝ ነው" አላት። ይሄን የመለሰላት ፊቷን እያየ ስለነበር ነው እንጂ፣ ቤት ውስጥ የምትጠይቀውን መመለስ ካቆመ ቆይቷል። ወጥ ቤት ሆና "ና፣ ቀርቧል" ትለዋለች፣ ዝም። አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቶ ስለ ቀኗ ታወራዋለች፣ ዝም። እሷ የገባት እንደጠላት ነው። ኩራቷ ደግሞ "ምን አደረግኩህ?" ብላ እንድትጠይቀው አልፈቀደላትም። እንዲሁ ሁለቱም ተዘጋግተው፣ እሷ አኩርፋ፣ እሱ ፈርቶ፣ ወርክሾፑ ከቤቱ ጀርባ ቆመ።

መቼም ሥራውን ያውቅበታል። ቱቦላሬውን ራሱ ቆርጦ ራሱ በየደው፣ ግድግዳውን ላሜራ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰው። ሌባ ፈርቶ መስኮት አላወጣለትም፤ ያለው አንድ ተንሸራታች በር ብቻ ነው። ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ታሰረ፣ መሰርሰሪያው ትራፓኖ ጥግ ያዘ፣ ያገለገለ የገዛው ቶርኖ መሀል ላይ ሲሚንቶው ውስጥ በብሎን ተተከለ። ከቶርኖው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የመኪና ስፖኪዮ ሰቀለ፤ ከኋላው በሩ እንዲታየው ነው።

ሚስቱ አየችውና "እየሠራህ ልትላጭ ነው?" አለች።

የቀረው መብራት ነበር። ለእሱ የመጣው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ወሬው እንደ ውኃ የሚፈስ፣ አፉን የሚሸፍን ሪዝ ያለው። ሚሊን በዓለም ላይ የሚያስቸግረው ሪዝ ይሄ ነው፤ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። በዚያ ላይ ልጁ በሥራው ቀልድ አያውቅም። አንዱን ጠጪ ዳቦ ጋጋሪ "ሰክረህ እጅህን ለማቡኪያ ማሽኑ ልትሰጥ ነው" ብሎት የዘረጋውን ሽቦ ነቅሎ የሄደ ሰው ነው። ሚሊ ይሄን ያውቃል። ፊውዙ እስኪገባ፣ ቶርኖው አንዴ እስኪዞር፣ ምንም እንዳይነቃበት ነው ጭንቀቱ። አንዴ ከዞረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስቆመውም።

"ጋሼ፣ ኮርኒሱስ?"

"ምን አልክ? ይሄን ሪዝህን ብትከረክመው ምን አለበት?"

ልጁ ሳቀና በጣቱ ወደ ላይ አሳየው። "ኮርኒስ። ጣሪያው ራቁቱን ነው እኮ። ዝናብ ሲመጣ ከበሮ ውስጥ የገባህ ነው የሚመስልህ።"

"እኔን ዝናብ አይረብሸኝም።"

"እኔ ደግሞ ሰው መስለኸኝ። ይሄ ቀይ አምፖልስ? ሞተሩ ሲዞር ይብራ ያልከኝ?"

"ለጥንቃቄ ነው።"

"ቶርኖ ሲዞር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፣ አንተ አምፖል ትፈልጋለህ። ጭፈራ ቤት ልትከፍት ከሆነ ንገረኝና ሌላም ቀለም ልጨምርበት።"

ሚሊ ሳቀ። አምፖሉ ግን ተገጠመ፤ የቀረው ፊውዙ ብቻ ነው።

ነፋስ ተነስቶ አቧራ ሲያስገባ ሚሊ በሩን ዘጋው። ልጁ መሰላሉ ሥር ቆሞ ፊውዙን በጨርቅ ይጠርጋል። ሚሊም ደስ ስላለው ስለ ቶርኖው ማውራት ጀመረ፤ ከየት እንዳገኘው፣ ቀበቶውን እንዴት እንደቀየረለት፣ ዘይቱን እንዴት እንደሚጠጣ። ልጁ ድንገት ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

"ኮርኒስ አልፈልግም አልኩህ እኮ" አለ ሚሊ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ፣ እና ስለ ዘይቱ ቀጠለ።

ልጁ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ሪዙ ተንቀሳቀሰ። እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ አሁን አንገቱ ላይ የደም ሥሩ ተገታትሮ። ሚሊ የተቆጣው መሰለው። "ምን ያስቆጣሃል?" አለው ቀስ ብሎ።

ያኔ ስፖኪዮው ውስጥ በሩ ሲከፈት አየ። ሚስቱ ናት። ነጠላዋ ራሷ ላይ ተጣብቋል፣ ከአገጯ ውኃ ይወርዳል፣ ከኋላዋ መሬቱ ላይ የዝናቡ ጠብታ እንደ ፈላ ዘይት ይዘላል። ሚሊ መዳፉን ከአጠገቡ ያለው ላሜራ ላይ አሳረፈ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቤቱ በሙሉ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጣል።

"ዝናብ ነው" ብሎ ጮኸ። ዘግይቷል። ወንድምና እህት እየተያዩ ነበር።

ዝናቡ አባራ። ግድግዳው መንቀጥቀጡን ሲተው ሚስቱ ወደ ስፖኪዮው ሄደች፣ ወደ ላሜራው አዞረችው፣ ከዚያ ሚሊን አልፋ ከኋላው ቆመች። ምን እያደረገች እንደሆነ ገባው። መዞር አልቻለም፤ ቢዞር ማመን ነው፣ ባይዞርም ያው። ጠበቀ። ትናገር አትናገር አያውቅም። ልጁን አየው፣ ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በመጨረሻ ገመተና "አቤት" አለ።

ምንም አልሆነ። ዞረ። አፏን በእጇ ይዛለች።

እጇን አወረደችና ቀስ ብላ፣ ፊቱን እያየች፣ "አቤት ከማለትህ በፊት ነበር የጠራሁህ" አለችው። "ደጋግሜ ነው የጠራሁህ። ከዚያ ዝም ስል ነው አቤት ያልከኝ።"

"እ..." አለ።

"እኔ እኮ ጠልቶኛል ብዬ ነበር። ስንት ጊዜ ልብሴን ልሰበስብ አስቤ ነበር።"

ሁሉንም ያዘው፣ አንድ ቃል አላመለጠውም። ባመለጠኝ ብሎ ተመኘ።

ልጁ አንድ ነገር አለ። ሚሊ ሪዙን አየ፣ አልገባውም፣ ሊስቅ ከንፈሩን አዘጋጀና ተወው። ወደ ሚስቱ ዞረ። "ምን አለ?" ብሎ ጠየቃት።

"ፊውዙን አልሰካም ነው የሚለው።"

"በእጄ እሰማለሁ በለው። ማሽኑን ስነካው እንዴት እንደሆነ ይነግረኛል።"

"መኪናውስ ነግሮህ ነበር? ጋራዥ የሆነውን ሰምቻለሁ። ሐሳብ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።"

 ቶርኖው ላይ ተቀመጠ፤ አዲስ የቀባው ዘይት ሱሪውን ሲነካ እንኳን አልተነሳም። "ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም" አለ።

ሚስቱ ወንድሟ ጋ ሄዳ መዳፏን ዘረጋች። ልጁ አንገራገረ፤ እሷ ግን እጇን አልመለሰችም። ፊውዙን ተቀበለችና ጨበጠችው።

"እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው" አለች፣ ሚሊ እንዲያያት ዞራ። "እኔ እዚህ ካልቆምኩ አይሰካም።"

"አንቺ ስለ ቶርኖ ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም። ሲደነዝ ምን እንደሚል ንገረኝ።"

ሚሊ ተነሳ። ከዚያ ከንፈሩን አሹሎ፣ በጥርሱ መሀል፣ ስለት ሲደነዝ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። ጉሮሮው ውስጥ ንዝረቱ ይሰማዋል፣ ሌላ ምንም። ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። ወደ ልጁ አየ፣ ልጁ ድሮ ጋራዡ እየመጣ የዚያን ቶርኖ ድምፅ ስንቴ ሰምቷል። ልጁ ግን ፊቱን አዙሮ መሰላሉን ያጣጥፋል።

"እንደገና" አለችው ሚስቱ፣ ፊውዙን እንደጨበጠች።

እንደገና አወጣው።